ዕጣ፣ መስመርና ውሃ፦ የጥንት ግሪኮች በባሕር ማዶ የቈረቈሯቸው ከተሞች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ፣ ዕድሉንም የሚያገኙት ጥቂቶች ብቻ የሆኑበት፣ ባዶ በሚመስል መሬት ላይ አዲስ ከተማ መቈርቈር ነው። መንገዱ፣ ውሃው፣ ገበያው፣ መኖሪያው፣ የጸሎቱ ስፍራ፣ የመቃብሩ ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ መታሰብ አለበት፤ የተሳሳተም እንደ ሆነ ስሕተቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከዛሬ 2,700 ዓመት ግድም በፊት የጥንት ግሪኮች ይህንኑ ሥራ በ200 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ደጋግመው ሠርተውታል። ከዛሬይቱ ማርሴይ አንሥቶ እስከ ጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከደቡብ ኢጣሊያና ከሲሲሊ ደሴት እስከ ሊቢያ ጠረፍ ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ከተሞችን ቈርቍረዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህ ከተሞች እንዴት እንደ ታቀዱ፣ ምን እንዳጸናቸውና ምን እንዳፈረሳቸው በጥቂት ምሳሌዎች መግለጽ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የጥንት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው፤ የቅርቡ ዘመን ዓመታት ግን በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። እነዚህን ከተሞች «ቅኝ ግዛት» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን አፍሪቃን የተቀራመቱበትን አገዛዝ ስለሚያስታውስ፣ ነገሩን በመጠኑ ያዛባዋል። ግሪኮቹ ራሳቸው ከተማይቱን «አፖይኪያ» ይሏት ነበር፤ ከቤት የራቀ ቤት እንደ ማለት ነው። ሰፋሪዎቹ የወጡባት ከተማ ደግሞ «ሜትሮፖሊስ»፣ ማለትም እናት ከተማ ትባል ነበር። አፖይኪያይቱ አማልክቷን፣ ቀበልኛዋን፣ የወሮቿን ስሞችና የበዓላቷን ሥርዓት ከእናቷ ትወርሳለች፤ እንደ ልማዱም የመጀመሪያው እሳት ከእናት ከተማ የጋራ ምድጃ ተወስዶ ይሄዳል። በአብዛኛው ግን ከተመሠረተችበት ቀን ጀምሮ የራሷ ሕግ፣ የራሷ ሹማምንትና የራሷ ሠራዊት ያላት ራሷን ቻይ ከተማ ነበረች። ስለዚህ ግንኙነቱ የገዢና የተገዢ ሳይሆን የእናትና የልጅ ነበረ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

የጉዞው ግዴታ

ሰዎቹን ከአገራቸው ያስወጣቸው ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። የመሬት ጥበት፣ ድርቅ፣ በባላባቶች መካከል የሚነሣ ጠብ፣ የብረትና የእህል ንግድ ፍለጋ ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ጉዞው በፈቃድ ብቻ ይደረግ እንዳልነበረ ግን የቀሬና ታሪክ ይመሰክራል። ቀሬና በወንጌል የጌታን መስቀል የተሸከመው ስምዖን አገር ናት። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፣ በኤጌ ባሕር ያለችው የቲራ ደሴት ለ7 ዓመት ዝናም ስለ ተከለከለች፣ ሕዝቡ ከዴልፊ ቤተ መቅደስ በመጣለት ቃል መሠረት ከወንድማማቾች መካከል አንዱ በዕጣ እየተለየ እንዲሄድ ወሰነ፤ ሰዎቹም በ2 መርከቦች ተሳፈሩ። መሪያቸው ባቶስ ይባል ነበር። የሚያርፉበት አጥተው በተመለሱ ጊዜ የገዛ ወገኖቻቸው ከወደቡ ላይ እየወረወሩ ወደ ባሕር መለሷቸው። በ4ኛው መቶ ዓመት በቀሬና የተቀረጸ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ የመሐላውን ቃል ይዞ ይገኛል። በመሐላው መሠረት፣ እንዲሄድ ታዝዞ እምቢ ያለ ሰው በሞት ይቀጣል፤ ሰፋሪዎቹ 5 ዓመት ታግለው ካልተሳካላቸው ግን ወደ አገራቸውና ወደ ንብረታቸው መመለስ ይችላሉ።

ሰዎቹ በመጀመሪያ በአንዲት ደሴት 2 ዓመት፣ ቀጥሎም በጠረፉ ላይ 6 ዓመት ከቈዩ በኋላ፣ በ631 ግድም ወደ ቀሬና ምንጭ የመሯቸው የአገሩ ተወላጆች ሊቢያውያን ነበሩ። ሊቢያውያኑ ቦታውን ያመሰገኑበት ምክንያት ሰማዩ በዚያ የተቀደደ ነው፣ ዝናሙ አይቋረጥም የሚል ነበር። የውሃን ነገር የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነውና፣ የመጀመሪያው የቦታ ጥናት የተገኘው ከእነርሱ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አድማጭ በልቡ ይያዘው።

ከከተማው በፊት የተቈረጠ ዕጣ

ሰፋሪዎቹ ከመርከብ ሳይወርዱ መሬቱ በሐሳብ ተከፋፍሎ ነበር። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ አስቂኝ ታሪክ አለ። በ734 ግድም የቆሮንቶስ ሰው አርኪያስ ሰዎቹን ይዞ ሰራኩስን ለመቈርቈር ወደ ሲሲሊ ሲጓዝ፣ ኢትዮጵስ የተባለ አንድ የቆሮንቶስ ተወላጅ በመርከቡ ላይ ሳለ፣ በሰራኩስ ሊደርሰው የሚገባውን የመሬት ዕጣ አብሮት ለሚበላው ጓደኛው በአንድ የማር እንጐቻ ሸጠው ይባላል። ነገሩን በግጥሙ ያነሣው በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው ባለቅኔ አርኪሎኮስ ነው። ሰውየው በሆዳምነቱ መቀለጃ ሆኖ ቀርቷል፤ ለእቅድ ባለሙያ ግን ታሪኩ ሌላ ቁም ነገር ይዟል። ገና ያልታየ፣ ያልተለካ፣ ድንበሩ ያልታወቀ መሬት አስቀድሞ መብት ሆኖ ተሰጥቶ ነበር፤ መብትም ስለ ነበረ ሊሸጥ ቻለ። ግሪኮቹ ይህን ድርሻ «ክሌሮስ» ይሉታል። ቃሉ የሚጣለውንም ዕጣ፣ በዕጣ የሚደርሰውንም መሬት ያመለክታል፤ አማርኛችንም «ዕጣ» ሲል ሁለቱን አጣምሮ እንደሚይዝ የርስት ሥርዓት ያስታውሰናል።

ሜጋራ ሂብላያ

እቅዱ በመሬት ላይ ምን ይመስል እንደ ነበር ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጋ የምታሳየው በምሥራቅ ሲሲሊ ያለችው ሜጋራ ሂብላያ ናት። ከአቴና በስተ ምዕራብ ካለችው ከሜጋራ ከተማ የወጡት ሰዎች መሪ ላሚስ ይባል ነበር። ቱኪዲደስ እንደሚለው፣ ሰዎቹ በመጀመሪያ ትሮቲሎን በተባለ ስፍራ ሰፈሩ፤ ከዚያም ከሌሎች ግሪኮች ጋር በሊዮንቲኒ ጥቂት ከኖሩ በኋላ ተባረሩ፤ ከዚያም በታፕሶስ ባሕረ ገብ ምድር ሰፍረው ሳሉ ላሚስ ሞተ፤ የቀሩትም ከዚያ ደግሞ ተነሡ። በመጨረሻ ሂብሎን የተባለ የሲኬሎች ንጉሥ መሬት ሰጥቶ ራሱ እየመራ ወደ ስፍራው አደረሳቸው። ሲኬሎች ግሪኮች ሳይመጡ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። ከተማይቱ በ728 ግድም ስትቈረቈር፣ ግማሽ ስሟን ከእናቷ፣ ግማሽ ስሟን ከለጋሱ ንጉሥ ወሰደች።

ከ1949 ጀምሮ ዦርዥ ቫሌና ፍራንሷ ቪላር የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ቦታውን ቈፍረው ያገኙት ንድፍ የከተማ ፕላንን ታሪክ በብዙ አሻሽሏል። ቀደም ሲል ቀጥ ባሉ መንገዶች ከተማን መከፋፈል የጀመረው በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሚሊጢው ሂጶዳሞስ ነው ይባል ነበር። ሜጋራ ሂብላያ ግን ከእርሱ 250 ዓመት ያህል ቀድማ በመስመር ተቀይሳ ተገኘች። ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያላቸው ዋና መንገዶች ነበሩ፤ እነርሱን የሚያቋርጡት ጠባብ መንገዶች ደግሞ 3 ሜትር ግድም ስፋት ይዘው፣ በየ25 ሜትሩ ያህል ርቀት ጐን ለጐን ይሄዳሉ። በመንገዶቹ መካከል ያለው ቦታ ለመሐል በተሰመረ ድንበር ተከፍሎ፣ በግራና በቀኝ ተመጣጣኝ ለሆኑ መኖሪያዎች ታድሏል። የአንዱ ሰው ቦታ ከ100 እስከ 120 ካሬ ሜትር ግድም ይደርሳል።

የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በዛሬ ዓይን ሲታዩ እጅግ ትንንሽ ነበሩ። 4 ሜትር በ4 ሜትር ያህል የሆነች አንዲት ክፍል፣ ከአጠገቧ እህል የሚከተትበት ጉድጓድ፤ የቀረው ቦታ ጓሮ ነበር። ነገር ግን ልጆች ሲወለዱና ኑሮ ሲሻሻል ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ከፊተኛይቱ ጐን ተሠራ፤ በ7ኛው መቶ ዓመት ክፍሎቹ በግቢ ዙሪያ ተደረደሩ። ቤቱ እየሰፋ ሲሄድ የጐረቤትን ድንበር ወይም መንገዱን አልነካም፤ ለማደግ የሚበቃው ቦታ ከመጀመሪያው ተሰጥቶት ነበርና። ዛሬ በየከተማው የሚታየው የመንገድ መጥበብና የድንበር ክርክር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ይህ አርቆ አሳቢነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሳይነገረው ይረዳዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ግን አደባባዩ ነው። ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ 80 ሜትር በ60 ሜትር የሚያህል ቦታ ለሕዝብ መሰብሰቢያ ተብሎ ተለየ፤ ግሪኮች «አጎራ» የሚሉት ይህን ነው። ሰፋሪዎቹ በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው በሚኖሩበት ጊዜ ይህ ቦታ ባዶውን ተቀመጠ። በዓምድ የተደገፉት ሰቀላዎች፣ ቤተ መቅደሶችና የቀደምት ጀግና መታሰቢያ የተሠሩበት ከ7ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው። ከሁለት ትውልድ በላይ ማንም አልገባበትም ማለት ነው። ከተማ ለመሥራት ድንጋይና ጕልበት ብቻ አይበቃም፤ ገና ለሌለ ነገር የተተወን ቦታ መጠበቅ የሚችል ማኅበራዊ ስምምነት ያስፈልጋል። የቀያሹ ሥራ የጸናው መስመሩን በማስመሩ ብቻ ሳይሆን፣ መስመሩን የሚያከብር ሕዝብ በመገኘቱ ነው።

የልጅ ልጅ ከተማ

ሜጋራ ሂብላያ ከተመሠረተች 100 ዓመት በኋላ፣ በ628 ግድም፣ መሬቷ ጠበባትና በተራዋ በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ሴሊኑስን ቈረቈረች። ለዚህም ሥራ ፓሚሎስ የተባለ መሪ ከመጀመሪያይቱ ሜጋራ አስመጣች፤ ልጅ ስትድር አያቲቱ እንድትመርቅ የተፈለገ ይመስላል። ያችው የግሪክ ሜጋራ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በ660 ግድም ቢዛንጥዮንን፣ ማለትም ኋላ ቁስጥንጥንያ የተባለችውን ከተማ ቈርቍራለች።

ሴሊኑስ ስሟን የወሰደችው በአካባቢው ከሚበቅል የዱር ሰለሪ ሲሆን፣ ቅጠሉን በገንዘቧ ላይ ቀርጻዋለች። በ6ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት ያነጸቻቸው ቤተ መቅደሶች ከግሪክ ዓለም ታላላቆቹ ውስጥ ይቈጠራሉ። ሊቃውንት «ጂ» በሚል ፊደል የሚጠሩት፣ ሳይጨረስ የቀረው ቤተ መቅደስ 110 ሜትር ርዝመትና 50 ሜትር ወርድ ግድም ነበረው፤ ዓምዶቹም 16 ሜትር ያህል ከፍታ እንዲኖራቸው ታስቦ ነበር። ድንጋዩ የሚፈለጠው ከ10 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ ባለው የኩዛ የድንጋይ ካባ ነበር። ሠራተኞቹ በዐለቱ ላይ ክብ ከሠመሩ በኋላ፣ አንድ ሰው ብቻ ሊገባ በሚችልበት ጠባብ ቦይ ዙሪያውን እየጠረቡ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ክቡን ድንጋይ ከሥሩ ፈልቅቀው ወደ ከተማው ይወስዱታል።

ስለ ባህሉ ሲነገር ሕንጻ ብቻ መጠቀስ የለበትም። ከኤውቦያ ደሴት የመጡ ግሪኮች በዛሬይቱ ናፖሊ አጠገብ ባለችው በፒቴኩሳይ ደሴት ሰፍረው ነበር። በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በዚያ የተቀበረ አንድ የሸክላ ጽዋ 3 መስመር ግጥም ተጽፎበት ተገኝቷል። የእነዚሁ ሰዎች ፊደል ወደ ኤትሩስካውያን፣ ከእነርሱም ወደ ሮማውያን ተላልፎ፣ ዛሬ ላቲን የሚባለው ፊደል ሆነ። ነጋዴና ሸክላ ሠሪ በመርከቡ የጫነው ዕቃ ሲያልቅ፣ ከእርሱ ጋር የተሻገረው ፊደል ግን እስከ ዛሬ አለ።

የውሃ ነገር

እነዚህ ከተሞች ሁሉ በውሃ ይድኑ፣ በውሃም ይፈተኑ ነበር። ስለ ሴሊኑስ የሚነገረው እንዲህ ነው። በከተማይቱ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ረግቶና ሸትቶ ወረርሽኝ አስነሣ፤ ሴቶችም በወሊድ ይሞቱ ጀመር። የአክራጋሱ ፈላስፋ ኤምፔዶክሊስ በገዛ ገንዘቡ ሌሎች 2 ወንዞችን ጠልፎ ከዚያ ጋር በማቀላቀሉ ውሃው ጠራ፤ ሕዝቡም እንደ አምላክ አከበረው ይባላል። የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ ደግሞ ስለ ካማሪና ይተረካል። ካማሪና በ598 ግድም ከሰራኩስ የወጣች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ በአጠገባቸው ያለው ረግረግ በሽታ ስላመጣባቸው እናደርቀው እንደ ሆነ የዴልፊን ቤተ መቅደስ ቢጠይቁ፣ እንዳይነኩት ተነገራቸው። እነርሱ ግን አደረቁት፤ በሽታውም ተወ። ይሁን እንጂ ረግረጉ ለከተማይቱ መከላከያ ሆኖላት ኖሮ፣ ጠላት በደረቀው መሬት ላይ ተራምዶ ገባ ይላል ተረቱ። ሁለቱም ታሪኮች አፈ ታሪክ የተቀላቀለባቸው መሆናቸው ግልጽ ነው። ሆኖም አንድ የውሃ ሥራ ከተሠራለት ዓላማ ሌላ ምን እንደሚያስከትል መጠየቅ እንደሚገባ ሁለቱ ጐን ለጐን ሲነበቡ ያስረዳሉ።

በአክራጋስ ከተማ ደግሞ ከ480 በኋላ ፌአክስ የተባለ መሐንዲስ ከመሬት በታች ታላላቅ የውሃ መውረጃ ቦዮችን አሠርቶ ነበር፤ ሥራው እጅግ ስለ ተደነቀ ቦዮቹ በስሙ ተጠሩ። ዲዮዶሮስ ይህን ሲጽፍ ለከተማይቱ ሥራ የተሰማሩት በሂሜራ ጦርነት የተማረኩ የካርታጎ ሰዎች እንደ ነበሩ አብሮ ያስታውሳል። የመሐንዲሱ ስም ሲተርፍ የቈፋሪዎቹ ስም አልተጻፈም።

በዕጣው ውስጥ ያልገቡ ሰዎች

እስከዚህ ድረስ የተነገረው በመስመሩ ውስጥ ስለ ነበሩት ሰዎች ነው። ይሁን እንጂ የእነዚህ ከተሞች ዕድል የተወሰነው በአመዛኙ ከመስመሩ ውጭ በቀሩት ሰዎች ጉዳይ ነበር።

በሰራኩስ የመጀመሪያውን መሬት የተካፈሉት ሰዎች ዘሮች «ጋሞሮይ»፣ መሬት የተካፈሉ፣ ይባሉ ነበር። ሥልጣኑም ርስቱም በእጃቸው ነበር። የእርሻውን ሥራ የሚሠሩላቸው ኪሊሪዮይ የተባሉ ገባሮች ሲሆኑ፣ እነዚህ ከአገሩ ተወላጆች ከሲኬሎች ወገን እንደ ነበሩ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ዕጣ በተጣለ ጊዜ እኩልነት የነበረው ድርሻ፣ ከ250 ዓመት ገደማ በኋላ የጥቂቶች መብት ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ተራው ሕዝብና ገባሮቹ ተባብረው ባለርስቶቹን ከከተማው አስወጧቸው። ባለርስቶቹ የጌላን ገዢ ጌሎንን ለርዳታ ጠሩ፤ እርሱም በ485 መልሷቸው ከተማይቱን ለራሱ ያዛት።

ያው ጌሎን በ483 ግድም ወደ ሜጋራ ሂብላያ ዞረ። ጦርነቱን የጫሩት ሀብታሞቹ ነበሩና ከተማይቱ እጅ ስትሰጥ ሞት ይጠብቃቸው ነበር። በነገሩ እጁ የሌለበት ተራው ሕዝብ ግን ክፉ ይደርስብኛል ብሎ አልጠረጠረም። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው የሆነው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ጌሎን ሀብታሞቹን ወደ ሰራኩስ ወስዶ ዜጎች አደረጋቸው፤ ተራውን ሕዝብ ከሲሲሊ ውጭ እንዲወሰድ አድርጎ ለባርነት ሸጠው፤ ከድኻ ጋር አብሮ መኖርን እጅግ ይጠላ ነበርና። እንዲህ ሆኖ 245 ዓመት የጸናው መስመር፣ ድንበሩን ሳይጥሱ የኖሩት ቤቶች፣ ለልጅ ልጅ የተጠበቀው አደባባይ ሁሉ ባለቤት አልባ ቀሩ።

በቀሬናም እንዲሁ ሆነ። በ6ኛው መቶ ዓመት በባቶስ 2ኛ ዘመን አዲስ ሰፋሪዎች ከመላው የግሪክ አገር መሬት ታድላችሁ ኑ ተብለው ሲጠሩ፣ መሬቱ የተቈረሰው መጀመሪያ ምንጩን ካሳዩት ከሊቢያውያን ነበር። እነርሱም ለግብፅ ንጉሥ አቤት አሉ፤ በ570 ግድም ጦርነት ተነሣ፤ የግብፅ ሠራዊትም ተሸነፈ። ሴሊኑስ ደግሞ ከጐረቤቷ ከሰጌስታ ጋር በድንበር መሬት ስትጣላ ኖረች። ሰጌስታ ካርታጎን ለርዳታ ጠራች፤ በ409 የካርታጎ ሠራዊት በ9 ቀን ውጊያ ሴሊኑስን ያዘ። ዲዮዶሮስ እንደ ጻፈው 16,000 ሰው ሲሞት 5,000 ያህል ተማረከ፤ ወደ አክራጋስ ያመለጡት 2,600 ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ወደ ኩዛ የድንጋይ ካባ የሚሄድ ሰው፣ ዙሪያቸው ተጠርቦ ከሥራቸው ግን ገና ያልተፈለቀቁትን የዓምድ ድንጋዮች እንዳሉ ያገኛቸዋል። ሌሎቹ ተፈልቅቀው በመንገድ ላይ ቀርተዋል። ሥራው የቆመው በ409 በደረሰው ጥፋት ምክንያት እንደ ሆነ ይታመናል።

ማጠቃለያ

የሜጋራ ሂብላያ ፍርስራሽ በአሁኑ ጊዜ የሚገኘው ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በአካባቢው በተሠሩት የነዳጅ ማጣሪያዎችና የኬሚካል ፋብሪካዎች መካከል ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት የተቀየሱት መንገዶች ከጭስ ማውጫዎቹ ሥር ቀጥ ብለው ይታያሉ። ቦታውን የሚጐበኝ መሐንዲስ ከሁለቱም ዘመን የሙያ ባልደረቦቹን ሥራ በአንድ ጊዜ ይመለከታል።

ከእነዚያ ጥንታውያን ሰፋሪዎች የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚያኰራ ነው፤ ለሁሉ የተመጣጠነ ድርሻ መስጠት፣ ቤት የሚያድግበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ፣ የጋራውን ስፍራ ለሚመጣው ትውልድ መጠበቅ። ሁለተኛው የሚያስጠነቅቅ ነው። እነዚያ ቀያሾች በቅጥር ውስጥ ያለውን መሬት በክንድና በጫማ ልክ ሳያዛንፉ ለኩ፤ መሬቱን የሰጠውን ሂብሎንን፣ ምንጩን ያሳየውን ሊቢያዊ፣ ዘግይቶ የመጣውን ድኻ ግን የሚያስገባ ዕጣ አላሰናዱም። ከተሞቹ በተናወጡ ጊዜ የከተማ ፕላናቸው እንከን አልተገኘበትም፤ መንገዶቹ እስከ ዛሬ ቀጥ እንዳሉ ናቸውና። የጐደለው በፕላኑ ላይ ያልተጻፈው የሰው ድርሻ ነበር። አዲስ ሰፈር ለመቀየስ ካስማ የሚተክል ሁሉ ከካስማው ወዲያ ማን እንደቆመ ቀና ብሎ ማየት ይገባዋል።